የወፍጮ ቁልፍ ሲጣበቅ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ዘንድ እህል ይዘን ስንሄድ ግድግዳው ላይ ሁለት ቁልፎች ያሉበት ሣጥን እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ቀይ ነው። አረንጓዴው ማስነሻ፣ ቀዩ ማቆሚያ ነው። ባለወፍጮው በቀን ብዙ ጊዜ ይጫናቸዋል። ታዲያ አንድ ቀን ቁልፉ ይሰምጥና አልመለስ ይላል። ተጣበቀ ይባላል። አንዱ በቡጢ ይመታዋል፤ ሌላው ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ሰውም ወረፋውን ይዞ ይጠብቃል።

ቁልፉ ለምን ይጣበቃል? በወፍጮ ቤት የዱቄት ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። በፀጉራችንና በልብሳችን ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ በቁልፉ ዙሪያም ይገባል። ክረምት ሲሆን እርጥበት ያገኘዋል፤ የባለወፍጮው እጅ ላብና ግራሶም ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ብናኙ ሊጥ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቁልፉን ወደ ውጭ የሚመልሰው ከበስተኋላው ያለ ትንሽ ሞላ ነው። ይህን የደረቀ ሊጥ መግፋት ያቅተዋል። ሞላው ራሱ ዝጎ ወይም ተሰብሮ ሊሆንም ይችላል።

ቀዩ ሰምጦ ከቀረ ወፍጮው አይነሳም፤ ጉዳቱ ሥራ መፍታት ነው። አረንጓዴው ሰምጦ ሲቀር ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንዴት?

አረንጓዴውን ተጭነን ስንለቀው ሞተሩ መዞሩን አያቆምም። ለምን ብለን እንጠይቅ። በሣጥኑ ውስጥ ኮንታክተር የሚባል፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረት የሚስብ ዕቃ አለ። አረንጓዴው ሲነካ ብረቱን ይስብና ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ ያሳልፋል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። በር ገፋ ስናደርገው መወርወሪያው እንደሚይዘው ማለት ነው። ቀዩን ስንጫን መወርወሪያው ይለቃል። መብራት ሲጠፋም እንደዚሁ ይለቃል። ስለዚህ መብራቱ ተመልሶ ቢመጣ፣ ሰው አረንጓዴውን እስኪጫን ድረስ ወፍጮው አይነሳም። ይህ ዝም ብሎ የሆነ አይደለም፤ ሰው እንዳይጎዳ ታስቦ የተሠራ ነው።

አሁን አረንጓዴው ሰምጦ ቀረ እንበል። መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቆመ። ባለወፍጮው ጊዜ ሳለኝ ብሎ የታፈነውን እህል በእጁ ሊጠርግ ገባ። እህል ያመጣችው እናትም ነጠላዋን እንደተከናነበች ቺንጋው አጠገብ ጎንበስ ብላ ዱቄቷን ትሰበስባለች። መብራት መጣ። ማንም ምንም ሳይነካ ወፍጮው ተነሳ። ነጠላ በቺንጋ ሲያዝ ሰውየውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ለመጫን እንዳያስቸግረኝ ብሎ አረንጓዴው ላይ ስንጥር የሚሸጉጥ ቢኖር ይህንኑ አደጋ በገዛ እጁ መሥራቱ ነው። ወረፋ ጠባቂውም ቢሆን አይቶ ዝም ማለት የለበትም እኮ።

በአንዳንድ ወፍጮ ቤት በቁልፍ ፈንታ በእጅ የሚዞር እጀታ አለ። መብራት ሲጠፋ እጀታው በበራበት ይቀራል። እሱን ወዲያውኑ ወደ 0 መመለስ ያስፈልጋል።

ቀዩን ተጭነን ስንለቀው ሞተሩ እንደገና የሚነሳ ከሆነ አረንጓዴው ተጣብቋል ብለን እንጠርጥር። ያን ጊዜ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። ቀዩ ቁልፍ ሞተሩን ያቆማል እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ አያጠፋም። የቤታችን አምፖል በ220 ቮልት ይበራል፤ እሱም ሰው ይገድላል። ብዙ የወፍጮ ሞተር ደግሞ በ380 ቮልት ነው የሚሠራው። ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያበራው ዋናው ማጥፊያ በጓጉንቸር ይቆለፍ፤ ጓጉንቸር ከሌለ አንድ ሰው እዚያው ይቁም። ድንጋዩም ፈጽሞ ይቁም።

ከዚያ ቁልፉን አየት ማድረግ ነው። ቀዩ እንደ እንጉዳይ ራሱ ሰፋ ያለ ከሆነ ምናልባት አልተጣበቀም። ይህ ዓይነቱ ለአደጋ ጊዜ የሚመታ ሲሆን፣ ገብቶ እንዲቀር ሆኖ የተሠራ ነው። ላዩ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ ወደሚያሳየው ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ በፒንሳ ጎትቶ መስበር ከንቱ ወጪ ነው።

ተራ ቁልፍ ከሆነ ዙሪያውን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ገባ ወጣ እያደረጉም ብናኙን ማራገፍ ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ውኃ አይንካው። ዘይትም ግራሶም አይደረግበት፤ ዘይት ለጊዜው ያላላዋል፣ በኋላ ግን ዱቄቱን ይዞ የባሰ ያጣብቀዋል። በኩራዝ ወይም በሻማ እያበሩ መጥረግ ክልክል ነው። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት በእሳት ይቀጣጠላል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲሆን ሊፈነዳም ይችላል። የእጅ ባትሪ ይያዝ።

በዚህ ካልተመለሰ ሣጥኑን መክፈት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ቁልፉ ብቻውን ተፈትቶ ይለወጣል፤ ሣጥኑን በሙሉ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ሲገዛ ብናኝ የማያስገባውን መጠየቅ ነው። አይፒ 65 የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ የመጀመሪያው ቁጥር 6 ብናኝ አያስገባም ማለት ነው።

እስኪጠገን ወፍጮው አይነሳ። ለማታ እንጀራ ዱቄት የሌለው ቤት እንዳለ እናውቃለን፤ ቢሆንም አይነሳ።

ተጠግኖ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ከወፍጮው ይራቅና ዋናው ማጥፊያ ይብራ። ወፍጮው በራሱ መነሳት የለበትም። አረንጓዴው ሲጫኑት ይነሳ፤ ቀዩን ተጭነው ሲለቁት ቆሞ ይቅር። ደግሞ ተነስቶ እየዞረ ሳለ ዋናው ይጥፋ፤ ድንጋዩ ሲቆም እንደገና ይብራ። አሁንም ማንም ሳይነካው ካልተነሳ፣ የመጀመሪያዋ ወረፋተኛ እህሏን ታምጣ።