ስናር፤ በራሱ ጆንያ ሸቀጥ፣ በስንዴ ጆንያ ጉድፍ

ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የሸቀጡን ስምና ጠባይ ነው። ይህን ያልለየ ነጋዴ ሲገዛ ይታለላል፤ ሲሸጥም ሳያስበው ሌላውን ያታልላል። በእህል ንግድ ውስጥ ለዚህ ትምህርት ስናርን ያህል የሚመች ምሳሌ ጥቂት ነው። ይህ ዘሩ በየዓመቱ የሚበቅል ሣር በአንድ በኩል የሚበላ እህል፣ በሌላ በኩል ማሳን የሚወር ክፉ አረም ነውና።

ውቤ በረሃ ስሙ የወጣው በሌሊት ጨዋታው ነው። ሰፈሩ የሚገኝበት አራዳ ግን ከዚያ በፊት የቀን ሥራ ስፍራ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል በነበረው ገበያ፣ ይልቁንም በቅዳሜ ቀን፣ ከየአገሩ የመጣ እህል ይሸጥበት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ፤ የእህሉም ንግድ ወደዚያው ሄደ። ስፍራው ቢለወጥም የአስተዋይ ገዢ ልማድ አልተለወጠም፤ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ የቀረውን ይመለከታል። በመዳፉ ላይ ረዥም፣ ቀጭንና ገለባውን ያልለቀቀ ፍሬ ካገኘ፣ ስናር መግባቱን ያውቃል።

ስናር ከሣር ወገን ሲሆን፣ በሱቅ በካርቶን ታሽጎ ለሚሸጠው አጃ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ላይ የስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ አገር አጃ የሚባለው ከስንዴ ወገን የሆነው፣ ገለባው ከፍሬው የማይለቅ ሌላ እህል ነውና። ሁለቱ በአንድ ስም መዝገብ ላይ ቢሰፍሩ ገዢውና ሻጩ መጣላታቸው አይቀርም።

ስናር በሚል ስም የሚጠራው ተክልም አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው በኢትዮጵያ ደጋ ከገብስ ጋር አብሮ የኖረው ነው። ይህ ሲበስል ፍሬው ቶሎ ስለማይረግፍ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ተመልሶም ይዘራል። ገበሬው ለይቶ አልዘራውም፤ ነቅሎም አልጣለውም። ሁለተኛው ፍሬው ከአጨዳ በፊት በመሬት ላይ የሚረግፈው ዱር በቀል ስናር ነው። አረም ሆኖ የሚያስቸግረው በተለይ ይህ ነው፤ ከዘር እህል ጋር ተቀላቅሎ እስከ ካናዳና እስከ አውስትራልያ ድረስ በመሄድ የስንዴ ማሳዎችን ወርሯል።

የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ መኰንን ዘንድ ቀርቦ፣ ልዩ ልዩ የእህል ዘር ሰብስቦ ተመልሷል። የእርሱ ትምህርት እንደሚለው፣ አጃን የመሳሰሉ አንዳንድ እህሎች በመጀመሪያ በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚበቅሉ አረሞች ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ግን ራሳቸውን የቻሉ እህሎች ሆኑ። የኢትዮጵያ ስናር በዚህ መንገድ ላይ መካከለኛ ደረጃ ይዞ የቀረ፣ አረምም እህልም ሊባል የሚችል ተክል ነው።

ስለ ምግብነቱ ብንመለከት፣ በደጋ አገር ስናር ከገብስ ጋር ተፈጭቶ ለእንጀራ ሆኗል፤ በጠላም ገብቷል። በአዲስ አበባ ደግሞ በራሱ ስም በቂንጬና በዱቄት መልክ ይሸጣል። የአጃ ወገን እህል በውኃ ሲበስል የሚያጣብቅ ልዩ ዓይነት አሠር አለው፤ ይህም አሠር በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል ስብ ለመቀነስ እንደሚረዳ በጥናት ታውቋል። ነገር ግን ከስንዴ ይልቅ ቅባት ስላለው፣ ተፈጭቶ ብዙ ከቆየ ይመራል። እህሉን ሳይፈጩ በእሳት ማመስ ወይም በእንፋሎት ማሞቅ ይህን ጉዳት ያዘገያል። ስለዚህ የስናር ዱቄት የሚይዝ ባለ ሱቅ ጥቂት በጥቂት ገዝቶ ቶሎ ቢሸጥ ይሻለዋል።

ያው ስናር በስንዴ ጆንያ ውስጥ ሲገኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ ከ100 ኪሎ ስንዴ ውስጥ 5 ኪሎው ስናር ነው እንበል። 100 ኩንታል የገዛ ነጋዴ 5 ኩንታል ያልፈለገውን እህል በስንዴ ዋጋ ገዝቷል፤ የማጓጓዣና የማውረጃ ሒሳብም ከፍሎበታል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ገለባው ዱቄቱን ሻካራና ጥቁር ስለሚያደርግበት ዋጋ ይቀንስበታል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት ስንዴው ለዘር የተሸጠ እንደ ሆነ ነው። በ1 ሄክታር መሬት 150 ኪሎ ያህል ስንዴ ይዘራል። በየኪሎው 10 የስናር ፍሬ ብቻ ቢኖር፣ 1,500 ፍሬ ከስንዴው ጋር ተዘራ ማለት ነው። አንዱ ተክል 100 ፍሬ ቢያፈራ፣ በመጪው ዓመት 150,000 ፍሬ ይሆናል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቢጠፉ እንኳ፣ በአፈር ውስጥ ዓመታት ተኝተው ቆይተው የሚበቅሉ አሉ። የዱር በቀሉ ስናር ጢም የተጠመዘዘ ስለ ሆነ፣ እርጥበት ሲነካው ይፈታል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ በዚህም ፍሬውን ወደ አፈር እየገፋ ይቀብረዋል። እንግዲህ በገበያ ለአንድ ቀን ትርፍ ሲባል የተደረገ ቸልታ ለገበሬው የብዙ ዓመት ዕዳ ይሆናል።

በአርሲና በባሌ የሆነው ይህን ያረጋግጣል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ ስንዴ ካስፋፋ በኋላ፣ ብዙ ማሳ ከዓመት ዓመት ስንዴ ብቻ ይዘራበት ጀመር፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል መድኃኒትም ተለመደ። ያ መድኃኒት ሣርን ስለማይነካ፣ ስናርና ሙጃ ተቀናቃኝ አጥተው ተስፋፉ። ባቄላን፣ አተርን ወይም ተልባን ከስንዴ ጋር እያፈራረቁ መዝራት ለዚህ ጥሩ መከላከያ ነው። ቡቃያውንም ገና ሳያፈራ ለይቶ መንቀል ይቻላል፤ በቅጠሉና በአገዳው መገናኛ ላይ ስንዴና ገብስ ጆሮ የሚመስል ትንሽ እጥፋት ሲኖራቸው፣ ስናር ይህ ጆሮ የለውም።

ስናርን ከእንክርዳድ ጋር ማሳሳት አይገባም። ስናር የሚበላ ነው፤ እንክርዳድ ግን ራስ የሚያዞር፣ ሰውነትንም የሚያውክ መርዝ ሊኖረው ይችላል። የእንክርዳድ ፍሬ ከስንዴ ያነሰና አጭር ነው፤ የስናር ፍሬ ግን ረዥም ሲሆን፣ ዱር በቀሉ ጠጕርና የታጠፈ ጢም አለው። እንክርዳድ የተገኘበት እህል በዋጋ ቅናሽ የሚታለፍ ሳይሆን፣ ተለቅሞ እስኪጠራ ድረስ ለምግብ መሸጥ የሌለበት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለእህል ነጋዴና ለሠራተኞቹ የሚከተለው ምክር ይወጣል፤

1ኛ. ናሙና ከጆንያው አፍ ብቻ አይወሰድ፤ ከመካከሉና ከሥሩም ይወሰድ።

2ኛ. ናሙናው ተመዝኖ ስናሩ ይለቀም፤ የተለቀመውም ተመዝኖ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በመዝገብ ይጻፍ፤ ዋጋውም በዚሁ መሠረት ይቈረጥ።

3ኛ. ለዘር የሚሸጥ ስንዴ ከዱቄት ስንዴ ተለይቶ ይቀመጥ። ስናር የተገኘበት እህል ለዘር አይሸጥ።

4ኛ. ስናር ከስንዴ ስለሚረዝም፣ እህልን በርዝመት የሚለይ መኪና ያለው ሰው በቀላሉ ያጠራዋል። ከገብስ ጋር ግን መጠናቸው ስለሚቀራረብ ማጥራቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቅልቅል መሆኑ ለገዢው ይነገረው።

5ኛ. በማጥራት የወጣው ስናር በየሜዳው አይጣል። ለሰው ምግብ የሚሆነው ተለይቶ፣ የቀረው ተፈጭቶ ለከብት ይሰጥ፤ ሳይፈጭ የተበላ ፍሬ ከፍጉ ጋር ተመልሶ ሊበቅል ይችላልና።

እንግዲህ ስናር በራሱ ጆንያ፣ በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ሲሸጥ ለሻጩ ትርፍ፣ ለገዢውም ቁርስ ይሆናል። በስንዴ ስም ሲሸጥ ግን በመጀመሪያ የወፍጮ ቤቱን፣ ቀጥሎ የገበሬውን፣ በመጨረሻም ያንኑ ስንዴ በመጪው ዓመት ተመልሶ የሚገዛውን የነጋዴውን ኪስ ይጐዳል።