ተኝቶ ማገገም ይብቃ!

የካንሰሩ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞው፣ ጨረሩ አልፎ ቤትዎ ገብተዋል። እንኳን ማረዎት! ፍኖተ ሰላም ይኑሩ ቡሬ፣ ቤተሰብ «እባክዎ አይነሡ፣ ይረፉ» ማለቱ አይቀርም። ከፍቅር ነው። ግን ከሕክምና በኋላ ጉልበት የሚመልሰው መንቀሳቀስ ነው።

በአብዛኛው በካናዳና በአውስትራሊያ ተካሂዶ በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን ተከታተለ። ግማሾቹ የጤና ምክር ብቻ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ለ3 ዓመት በባለሙያ እየታገዙ ስፖርት ሠሩ። ከ8 ዓመት በኋላ ከስፖርተኞቹ ከመቶው 90 ያህሉ፣ ከሌሎቹ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ብዙዎቹ የመረጡት ስፖርት ደግሞ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው!

ባለሙያዎች የሚመክሩት በሳምንት 3 ቀን፣ 30 30 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ እያወሩ የሚሄዱበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ይሁን። ዛሬ እስከ ጎረቤት፣ በሚመጣው ሰንበት እስከ ቤተ ክርስቲያን። ጠያቂ ሲመጣም «አብረን ዞር እንበል» ይበሉት። የጡት ቀዶ ሕክምና ካለፉ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ለልጆች ይተዉ፤ በግማሽ ሊትር ውኃ ጀምረው ክንድዎ ካላበጠ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ትኩሳት ወይም አዲስ የአጥንት ሕመም ከመጣ ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ምግቡንም ጎጃም አልነፈገዎትም፤ የዳጉሳ እንጀራ፣ የባቄላና የሽምብራ ሽሮ፣ ጎመን፣ ማንጎ፣ ሙዝ። ኬሞ አፍዎን ካቆሰለው አልጫ ያሠሩ። አገሩ የበርበሬ ነውና ድልህና አዋዜ ሳይሠራ በፊት ዛላውን አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ሻጋታ የነካውን ይጣሉ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ቢታጠብም ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አረቄውም «ለሆድ መድኃኒት ነው» ቢባል ይለፍዎት፤ አልኮል ራሱ ካንሰር ከሚያመጡት አንዱ ነው። ሰውነትዎ ገና ካልጠነከረ ጾሙን ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይምከሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትራራለች።

ሐኪሞችዎ የድርሻቸውን ሠርተዋል፤ እግርዎና መሶብዎ ግን በእጅዎ ናቸው። 30 ደቂቃ ከከበደዎ በ10 ደቂቃ ይጀምሩ፤ ጫማዎን ያጥልቁና ዛሬውኑ ይውጡ!