የ«ቼክ» ሰባት ቤት፦ ለጀማሪ ተርጓሚ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

የትርጉም ሥራ ልትጀምሪ መሆንሽን ስሰማ ደስ አለኝ። «ቼክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት አድርጌ ነው የምይዘው?» ብለሽ መጠየቅሽ ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ። ጥያቄሽ ትንሽ አይደለም። ይህ ቃል ባንክ ቤት የክፍያ ወረቀት ነው፤ አየር ማረፊያ ምዝገባ ነው፤ አሜሪካ ምግብ ቤት ውስጥ የበሉበት ሂሳብ ነው፤ ሸሚዝ ላይ ዳማ ዳማ መልክ ነው፤ ስለ መንግሥት አወቃቀር በሚጻፍ መጽሐፍ ውስጥ የሥልጣን መግቻ ነው። እኛም በአማርኛችን መሀል «ቼክ ላድርግ» ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ስለዚህ በዚህ በአንድ ቃል እያስረዳሁ፣ ቃል እንዴት እንደሚጠና የማውቀውን በተራ ልጻፍልሽ።

1. ትርጉሙን ከመሸምደድሽ በፊት ሥሩን ፈልጊ

መዝገበ ቃላት ስትገልጪ የ«ቼክ» ትርጉሞች በቁጥር ተደርድረው ይጠብቁሻል። አንድ በአንድ ከሸመደድሻቸው በሳምንቱ ይጠፉብሻል። ለጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ሁሉ የቃልንም አያት ቅድመ አያት ቁጠሪ፤ ያኔ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያወቅሽውንም አትረሺም።

የ«ቼክ» ቅድመ አያት የፋርስ ቃል ነው፤ «ሻህ» ይባላል፤ ንጉሥ ማለት ነው። የቼዝ ጨዋታ ወላጅ የሆነው ጨዋታ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሕንድ ይታወቅ ነበር። በሳንስክሪት ስሙ «ቻቱራንጋ» ነው፤ አራት ክፍል ያለው ማለት ነው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ያሉትን ሠራዊት ያመለክታል። ጨዋታው ወደ ፋርስ ተሻገረ። እዚያ ተጫዋቹ የባላንጣውን ንጉሥ ሲያጠቃ «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቀዋል፤ «ንጉሥህን አድን» ማለቱ ነው። ከፋርስ ዐረቦች ተቀብለው ወደ አውሮፓ አደረሱት። የጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» አለው፤ እንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛ ወስዶ «ቼክ» አደረገው። «ቼዝ» የሚለው የጨዋታው ስም ራሱ የመጣው ከዚሁ ከፈረንሳይኛው ቃል የብዙ ቁጥር መልክ ነው። ጀርመኖች ጨዋታውን «ሻኽ» ይሉታል። ሩሲያ የተማሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት «ሻኽማቲ» የሚለው ስምም ይህንኑ ንጉሥ ተሸክሞ ይዞራል።

2. ከሥሩ ተነስተሽ ትውልዱን ቁጠሪ

ንጉሡ ሲጠቃ ተጫዋቹ የያዘውን ሐሳብ ሁሉ ትቶ ንጉሡን ማዳን አለበት። ያሰበው ሁሉ ባለበት ይቆማል። የመጀመሪያው ትውልድ እዚህ ተወለደ፤ «ቼክ» ድንገት ማስቆም፣ መግታት ሆነ።

የሚገታ ሰው ይቆጣጠራል። የሚቆጣጠር ሰው ደግሞ ስህተት እንዳያመልጠው አንዱን መዝገብ ከሌላው ያስተያያል። ስለዚህ ቃሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ማመሳከርና ማረጋገጥ ወደሚለው ትርጉም ገባ። ዛሬ በየስልካችን «ቼክ አድርጊልኝ» የምንባባለው ይህንን ነው። ማረጋገጫ ሆኖ የሚያዘው ምልክትም ያንኑ ስም ወሰደ፤ ኮት ወይም ሻንጣ ስታስቀምጪ የሚሰጥሽ ቁጥር ያለው ካርድ ከዚህ የመጣ ነው። የገንዘብ ማዘዣ ሲጻፍም እንዳይጭበረበር ጉርድ ይቀርለት ነበር። ያ የማመሳከሪያ ጉርድ «ቼክ» ይባል ነበርና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ ወደ ማዘዣው ወረቀት ተላለፈ። የባንኩ ቼክ ተወለደ።

ሌላው የቤተሰቡ ወገን ከንጉሡ ሳይሆን ከገበታው የወጣ ነው። ነጭና ጥቁር የተፈራረቀበት ጨርቅ፣ በመኪና ውድድር ፍጻሜ ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ፣ አሜሪካኖች «ቼከርስ» የሚሉት ዳማ፣ ሁሉም የገበታው ልጆች ናቸው።

3. ቃሉ ያደረበትን ቤት ገብተሽ ተመልከቺ

ከቃሉ ማደሪያዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ የእንግሊዝ ነገሥታት ግምጃ ቤት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን «ሸሪፍ» የሚባለው የየአውራጃው የንጉሥ ሹም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካ ሰሞንና በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 29 በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሰሞን፣ ስለ ሰበሰበው የንጉሥ ገቢ ቀርቦ ይተሳሰብ ነበር። የሚተሳሰቡት በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው። የጠረጴዛው ርዝመት ወደ 3 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅም ይለብሳል። በመስመሮቹ መካከል መቁጠሪያ ጠጠሮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ረድፍ ለፔኒ፣ ሌላው ለሽልንግ፣ ሌላው ለፓውንድ፣ እያለ እስከ ሺህ ድረስ ይዘልቃል።

ይህ ሁሉ ያስፈለገው በሮማ ቁጥር መደመርና መቀነስ እጅግ አስቸጋሪ ስለነበረ ነው። ጠጠሩ ግን በግልጽ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ሹምም ቢሆን የተጠየቀውና የከፈለው ፊት ለፊቱ ተደርድሮ ያየዋል።

የንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ግምጃ ቤት ሹም የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል የዚህን ቤት ሥርዓት በ1170ዎቹ መጨረሻ ገደማ በመጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። መጽሐፉ ደቀ መዝሙር እየጠየቀ መምህር የሚመልስበት ነው። ቤቱ ለምን «ኤክስቼከር» እንደተባለ ተጠይቆ መምህሩ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው ጠረጴዛው የቼዝ ገበታ መምሰሉ ነው። ሁለተኛው የግምጃ ቤቱ ሹምና ሸሪፉ እንደ ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ሆነው በሂሳብ መፋለማቸው ነው። ጨርቁና ጠጠሩ ከቀረ ዘመን አለፈ፤ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ ግን ዛሬም «ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር» ነው።

ይህን የነገርኩሽ ታሪኩ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። «ኤክስቼከር» የሚለውን ቃል እንዲሁ «ግምጃ ቤት» ብለሽ ብታልፊው አልተሳሳትሽም። ቤቱን ገብታ ያየች ተርጓሚ ግን ሹሙን የሚቆጣጠረው ዐይን በቃሉ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ ዐረፍተ ነገሩ ያንን ሲፈልግም አይጠፋባትም።

4. ከራስሽ ቋንቋ ጋር አስተያዪው

የሰው ቋንቋ ስታጠኚ የራስሽን ከደጅ አታቁሚ። እኛ ይህን ጨዋታ «ሰንጠረዥ» ብለን ነው የምናውቀው። ቃሉ ከዐረብኛው «ሻትራንጅ» የመጣ ነው፤ «ሻትራንጅ» ደግሞ ከዚያው ከሕንዱ «ቻቱራንጋ»። እንግዲህ «ቼክ» እና «ሰንጠረዥ» ከአንድ ጨዋታ የወጡ ናቸው፤ አንዱ የንጉሡን ስም ያዘ፣ ሌላው የሠራዊቱን።

ሰንጠረዥ በአገራችን የመኳንንት ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የእኛው አጨዋወት የራሱ ጠባይም ነበረው። መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ።

አሁን ይህን ልብ በይ። ዛሬ አንድ ተማሪ «ሰንጠረዥ» ሲባል በቅድሚያ የሚታየው ጨዋታው አይደለም፤ በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ቁጥር ነው። የሕዝብ ቆጠራ ውጤት በሰንጠረዥ ይቀርባል፤ የኬሚስትሪ ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዥ ይደረደራሉ። ለንደን ላይ የጨዋታው ገበታ የሂሳብ መተሳሰቢያ ሆነ፤ እኛም ዘንድ የጨዋታው ስም የቁጥር መደርደሪያ ሆነ። አንዱ ከሌላው አልቀዳም። ሁለቱም ሕዝብ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለውን ገበታ አይቶ ያው ሐሳብ መጣለት። እንዲህ ያለውን መገናኛ ስታገኚ አጥብቀሽ ያዢው፤ የባዕዱ ቃል ከዚያ ወዲያ ባዕድ አይሆንብሽም።

5. መልክ የመሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም

«ቼክሜት» የመጣው «ሻህ ማት» ከሚለው ነው። የዐረብኛው «ማተ» እና የእኛ «ሞተ» በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸውና «ንጉሡ ሞተ ማለት ነው» ለማለት ትቸኩዪ ይሆናል። ብዙ ሊቃውንት ግን ቃሉን የሚፈቱት በፋርስኛ ነው፤ መላ ያጣ፣ መውጫ የጠፋው ማለት ነው ይላሉ። ጨዋታውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ ንጉሡ ከገበታው ላይ አይነሳም፤ መፈናፈኛ ያጣል እንጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ከጆሮሽ ይልቅ ማስረጃሽን እመኚ።

በመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎች «ሰክ» የሚባል የክፍያ ማዘዣ ይጽፉ ነበር። ድምፁም ሥራውም ስለሚቀራረብ የባንክ ቼክ ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ። ዋና ዋናዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን የሚያወጡት ከማመሳከሪያው «ቼክ» ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን የሚሰሙት የዛሬው ዐረብኛ «ሺክ» ደግሞ ከአውሮፓ ተመልሶ የገባ ነው። ቼክ ሪፐብሊክ የምንላት አገርማ በፊደላችን ብትገጥምም ስሟ የስላቭ ሕዝብ መጠሪያ ነው፤ ከጨዋታው ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

6. አንዱን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ቃል አትመልሺ

«ቼክ» ማለት «ማረጋገጥ» ነው ብለሽ ከወሰንሽ ሥራሽ ይበላሻል። ወረርሽኙ «ቼክ» ከተደረገ ተገታ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ከሆነ ታየ፣ ተመረመረ። ሐኪም ቤት ከሆነ የጤና ምርመራ ነው። ለሻንጣ ሲነገር በተለይ ተጠንቀቂ፤ ተፈተሸ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለአየር መንገዱ ተረከበ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ያምታታች ተርጓሚ መንገደኛውን ታሳስተዋለች።

ስለ አሜሪካ መንግሥት ስታነቢ «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ» የሚል ሐረግ ይገጥምሻል። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቶቹ ያጸደቁትን ረቂቅ መመለስ ይችላል፤ እነሱም በየምክር ቤታቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ። እዚህ ቃሉ ወደ ጥንቱ ትርጉሙ ተመልሷል፤ ኃይለኛውን «ቁም» የሚል ኃይል ነው። «መቆጣጠር» ብቻ ብትዪው አንዱ የበላይ ሌላው የበታች ይመስላል። እርስ በርስ መገታታትና መመዛዘን ብትዪው ወደ ሐሳቡ ትቀርቢያለሽ።

7. የሚነገርበትን አገር ጠይቂ

ዋሽንግተን ምግብ ቤት ተቀምጠሽ «ቼክ» ብትዪ ሂሳብ ይመጣልሻል፤ ለንደን ከሆነ «ቢል» ብትዪ ይሻላል። አሜሪካዊ ቅጽ ላይ ሳጥኑን «ቼክ» አድርጊ ካለሽ እኛ «ራይት» የምንለውን ምልክት አድርጊ ማለቱ ነው፤ እንግሊዞች «ቲክ» ይሉታል። የባንኩን ወረቀት አሜሪካኖች እንደ ሌላው «ቼክ» ሁሉ በ«ሲ» እና «ኬ» ጨርሰው ይጽፉታል፤ እንግሊዞች ግን «ኤክስቼከር» ተጽዕኖ አድርጎበት በ«ኪው»፣ «ዩ» እና «ኢ» ይጨርሱታል። ጽሑፉ ከየት እንደመጣ ሳታውቂ መተርጎም አትጀምሪ።

8. ሥሩ ያስተምራል፤ የዛሬውን ትርጉም ግን አይወስንም

ታሪክ ስትወጂ የሚመጣ ፈተና አለ፤ ቃል ሁሉ የጥንቱን ትርጉም ካልያዘ ተበላሸ ማለት ይቃጣሻል። አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቼክ የሚፈርም ነጋዴ የፋርስን ንጉሥ አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። የእሱን «ቼክ» የሚተረጉመው ሕጋችን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል። ሕግ አዋቂዎቻችን ለቼኩ መክፈያ የሚሆነውን ገንዘብ «ስንቅ» ይሉታል፤ ገበያው ደግሞ ስንቅ የሌለውን ቼክ «ደረቅ ቼክ» ብሎታል። እንዴት ያሉ ቃላት ናቸው! የባዕዱን ነገር ተቀብለው በራሳችን ኑሮ የፈቱት ሰዎች አንቺን ቀድመውሻል። የሕግ ሰነድ ስትተረጉሚ የሕጉን ቃል ተጠቀሚ፤ የገበያ ወሬ ስትተረጉሚ የገበያውን።

እንግዲህ ልጄ፣ ነገ አንድ ቃል ሲያስቸግርሽ ቀድመሽ የምትጠይቂው «አማርኛው ምንድን ነው?» ብለሽ አይሁን። ከየት መጣ፣ በማን ቤት አለፈ፣ እዚህ ቦታ ምን እየሠራ ነው ብለሽ ጠይቂ። አማርኛው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣም ትክክለኛው ይመጣል። ማስተዋሉን ያብዛልሽ፤ እጅሽን ይባርከው፤ ከአንቺ በኋላ ለሚመጡትም መንገድ የምታሳዪ ያድርግሽ።