በየቤታችን አንጻር

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱት ሰዎች ተዘርዝረዋል። ካህናት፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ ነጋዴዎች፣ የሰሎም ሴቶች ልጆችም ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ የሠሩት በየቤታቸው አንጻር ነበር። የቴቁሐ ታላላቆች ግን ለሥራው ለመጎንበስ እምቢ አሉ፤ ይህም ተጻፈባቸው። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን ባለቤቱ ካልተገኘ ሥልጣኑ በባዶ ወንበር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ እኛ ወጣቶች በቀበሌያችን ስብሰባ እንገኝ፤ ስለ ውኃውና ስለ መንገዱ እንጠይቅ፤ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደ ዋለ ሒሳቡን እንስማ፤ ሥራ ሲደለደልም ድርሻችንን እንውሰድ። ስማችን ከሠሩት ጋር ይጻፍ ወይስ ከቴቁሐ ታላላቆች ጋር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።