በቀጥታ ሥርጭት ደንበኛ ማፍራት፦ ሊንክድኢን ለላኪው ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

ገበያ ሲባል ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ ዕቃው ታይቶና ተዳሶ፣ ጥያቄውም ተጠይቆ ዋጋ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። ገዥው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ በጽሑፍና በስልክ ይተካል። አዲስ ላኪ ዕቃው ጥሩ፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ሆኖ ሳለ ደንበኛ ሊያጣ የሚችለው የሚያውቀውና የሚያምነው ገዥ ስለሌለ ነው። የቀጥታ ቪዲዮ ሥርጭት ዋናው ጥቅም ይህን የመተማመን ክፍተት ማጥበቡ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው ሊንክድኢን የሥራ ሰዎች መገናኛ መረብ ሲሆን፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። የቀጥታ ሥርጭቱን በ2019 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ለተጋበዙ ተጠቃሚዎች ከፍቶ፣ በኋላ አስፋፍቶታል። ከመዝናኛ መረቦች የሚለየው ጠያቂው ከነስሙና ከነሥራው የሚታይ መሆኑ ነው። በመሆኑም አሥር ቡና ቆዪ ድርጅቶች የተከታተሉት ሥርጭት፣ ሺህ ተመልካች ካየው ጭፈራ ይልቅ ለላኪው ይጠቅመዋል።

አንድ የቡና ላኪን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መጋዘኑ ውስጥ ሆኖ ጆንያ አስከፍቶ ፍሬውን ያሳያል፤ የእርጥበት መለኪያውን ቁጥር በካሜራው ፊት ያነባል፤ ቀማሹ ስለ ጣዕሙ ያስረዳል። ገዥው «ከሌላው ጆንያስ?» ብሎ ቢጠይቅ እዚያው ይከፈትለታል። ተቀናብሮ የተዘጋጀ ማስታወቂያ ይህን ማድረግ አይችልም። አንዱ የጠየቀውን ሌሎቹም ስለሚሰሙ፣ አንድ መልስ ለብዙ ደንበኛ ይደርሳል። ሥርጭቱ ካበቃ በኋላም ቪዲዮው በገጹ ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ያመለጠው ገዥ ያየዋል። ይሁንና ጣዕም በመስኮት አያልፍምና ናሙና መላክ አይቀርም፤ የሚቀንሰው ፍላጎት ለሌለው ሰው የሚባክነው ናሙና ነው።

ዝግጅቱስ?

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱ ይታሰብ። በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚጀመር ሥርጭት ጀርመን ውስጥ ላለ ገዥ እንደ ወቅቱ ከቀትር በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት፣ ኒውዮርክ ላለው ደግሞ ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ሁሉም በሥራ ላይ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፤ ሊመጡ የሚገባቸው ገዥዎችም በስም ይጋበዙ።

ቀጥሎ የመስመሩ አቅም ይለካ። ወሳኙ ከኢንተርኔት የሚወርደው ሳይሆን ወደ ኢንተርኔት የሚላከው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚላክ ሥርጭት በአንድ ሰዓት 1.35 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ መስመሩም ቢያንስ የዚህን ፍጥነት እጥፍ ቢችል ይመረጣል። ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ፣ የጣቢያው ሥራ አስቀድሞ ተቀርጾ በሥርጭቱ መካከል ይታይ። የተቀረጸ መሆኑ ግን ይነገር፤ የተቀረጸውን ቀጥታ ነው ብሎ ማቅረብ የተፈለገውን እምነት ከሥሩ ይነቅላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እንዲሉ፣ በቀጥታ የተነገረ ቃል አይሰረዝም። በሞቅታ የተጠራ ዋጋ ወይም የተገባ የመላኪያ ቀን በኋላ በድርድር ላይ መልሶ ይጠየቃል። ስለዚህ ዋጋ በግል ይነገር፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ከጀርባ የሚታይ የሌላ ደንበኛ ስምና የውል ቁጥርም ከካሜራው ዓይን ይውጣ። ገጽ ላይ የተጻፈ የድርጅት ስም ባለቤቱ ራሱ የሞላው በመሆኑ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ገዥው ይጣራ።

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ወዲህ ዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ያለው በመሆኑ፣ በካሜራ ፊት ስለ ትርፍ ክፍፍል ተስፋ መስጠት ተራ ማስታወቂያ አይደለም።

በመጨረሻም የሥርጭቱ ውጤት በተመልካች ብዛት አይለካም። የጠየቁት እነማን ናቸው? ስንቶቹ ናሙና ፈለጉ? ስንቶቹስ ውል ፈረሙ? ብልህ ነጋዴ በማግስቱ ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስሙ ይጽፍለታል፤ ሽያጩም የሚጀመረው ከዚያ ነው።