ሩጫ የከበደው ልጅ

በአርሲ ደጋ ጎሕ ሳይቀድ ለልምምድ የሚወጡ ልጆችን ማየት የተለመደ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ስለ ወጡ፣ በዚያ አገር ልጅ ሲሮጥ ቤተሰቡም በልቡ አብሮት ይሮጣል። ይሁን እንጂ በደስታ ይነሣ የነበረው ልጅ ጫማውን ለማሰር እጁ የሚዘገይበት፣ ለአሠልጣኙ ሰበብ የሚያበዛበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ወላጅ ምን ማድረግ ይገባዋል?

አንድ የማውቀው አባት የ14 ዓመት ልጁን «ሰነፈብኝ» ሲል ሊከስሰው ወደ እኔ መጣ። በጨዋታችን መካከል ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። አባትየው ለሩጫ ጫማው መግዣ አንድ በግ ሸጦ ኖሯል፤ ይህንንም በየማዕዱ ሳያነሣው አይውልም ነበር። ስለዚህ ልጁ «ደክሞኛል» ቢል የአባቱን ውለታ የካደ መስሎ ተሰማው፤ ዝም አለ። ዝምታውም ስንፍና ተባለ።

ከቁጣም ከምክርም በፊት የደከመው ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚደክመው ሥጋ ነው። ማለዳ ምንም ሳይቀምስ ሮጦ በባዶ ሆዱ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ፍላጎቱ ቢቀንስ አያስደንቅም። በተለይ የወር አበባ የጀመሩ ልጃገረዶች በብረት ማዕድን እጥረት ሳቢያ ለደም ማነስ ይጋለጣሉ፤ ይህም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ላይ የሚጠጣ ሻይና ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። (ቡናችንን የሚነካ ምክር እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለልጁ ጥቂት ዘግየት ይበልለት።) ፈጥኖ በሚያድግ ልጅ ላይ ከጉልበቱ በታች የሚሰማ ሕመምም የሰበብ ወሬ አይደለም፤ ዕረፍትና የሐኪም እይታ ይሻል። እንቅልፉ ከታወከ፣ የምግብ ፍላጎቱ ከጠፋ፣ ጠዋት ከመኝታው ሳይነሣ የሚቆጠረው የልብ ትርታው ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ከጨመረ፣ ልምምዱ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ሥጋው ደኅና ከሆነ ልቡን መጠየቅ ነው። ይህም በወንድሞቹ ፊት ወይም ከተሸነፈበት ውድድር ማግሥት አይሁን፤ አብሮ መንገድ ሲሄዱ ይሻላል። «ለምን ሰነፍህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ከልምምዱ የትኛው ይከብድሃል?» ቢባል ግን የአሠልጣኙ ስድብ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር መነጻጸሩ ወይም የባልንጀሮቹ መቅረት ይወጣል። መልሱ ምንም ቢሆን ቅጣት እንደማያስከትልበት አስቀድሞ ይወቅ።

ዕረፍት ሩጫን ያጠፋል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ በዓመትም ጥቂት ወራት ከሚያዘወትሩት ስፖርት እንዲያርፉ ይመክራል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ በጉዳት ምክንያት ከውድድር ርቃ ነበር፤ በ1998 ልጅ ወልዳ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ አሸነፈች። በእርግጥ ሁሉም ልጅ ደራርቱ አይሆንም፤ ሊሆንም አይገባውም። በኦሊምፒክ ማራቶን እንኳ በዓመቱ መጨረሻ 20 ዓመት የማይሞላው ሯጭ አይሰለፍም፤ የ14 ዓመት ልጅ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

በእኔ አስተያየት በዱላ ቅብብል ለጓደኞቹ ቃል የገባ ልጅ ያችን ውድድር ይፈጽማት፤ ከዚያ በኋላ ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋግሮ አንድ ወር ይረፍ፣ ኳስም ይጫወት። ወሩ ሲያልቅ ውሳኔው የራሱ ይሁን። ቤተሰቡ ችግረኛ ሲሆን ይህን መፍቀድ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የቤት ኪራይና የቀለብ ተስፋ በአንድ ልጅ እግር ላይ መጫን ልጁንም ሩጫውንም ይጎዳል።

ያ አባት የበጉን ነገር ማንሣት ተወ። ልጁ ወሩን ካረፈ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መሮጥን መረጠ፤ በቀሩት ቀናት ጫማውን፣ ቢሰፋውም፣ ታናሽ ወንድሙ ያደርገዋል።