ልጄ፣ «ፕሮቲን» ስትዪ የትኛውን ማለትሽ ነው?

ልጄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ እንደምትጀምሪ እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነው። ስለ ማሽኑ የማስተምርሽ የለኝም፤ የእናንተ ማሽን እኛ ከለመድነው ሌላ ነው። ልነግርሽ የምፈልገው በየቀኑ ወረቀት ላይ ስለምትጽፊው ስለ አንድ ቃል ነው።

1. ቃሉን ከነቤተሰቡ እወቂው። ደሙ ረግቶ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ሴረም ነው። በሴረሙ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የፕሮቲን ወገኖች አሉ፤ አልቡሚንና ግሎቡሊን። አልቡሚን ስሙን ያገኘው በላቲን ከእንቁላል ነጩ ክፍል ነው። የሚሠራው ጉበት ሲሆን፣ ውሃ ከደም ሥር ሾልኮ እግርና ሆድ ውስጥ እንዳይጠራቀም በዋናነት የሚይዘው እሱ ነው። ግሎቡሊን ግን የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ የሚባሉ ብዙ ፕሮቲኖች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። በሽታን የሚዋጉት ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ያሉት ጋማው ውስጥ ነው። እነዚህን በኤሌክትሪክ ኃይል እያስኬደ የለያቸው ስዊድናዊው አርነ ቲሴሊየስ በ1948 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፋይብሪኖጅን ከታዘዘሽ ደግሞ ሴረም ውስጥ አትፈልጊው፤ ደሙ ሲረጋ አልቋል። የሚያስፈልግሽ ፕላዝማ ነው።

2. ደም ስትቀጂ ክንዱ ላይ ያሰርሽውን ቶሎ ፍቺ። እስሩ ሲቆይ ውሃው ከደም ሥር ይወጣና ፕሮቲኑ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። ግሉኮስ ከተሰቀለበት ክንድም አትቅጂ፤ እዚያ ደግሞ ቀጥኖ ያንሳል።

3. ድምሩን ብቻ አይተሽ «ኖርማል» ብለሽ አትጻፊ። ይህን የምልሽ ስላጠፋሁ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከመተማ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ወጣት እኔ ወደምሠራበት መጣ። ሰውነቱ ከስቷል፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎታል፤ ከግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰሳል። ጠቅላላ ፕሮቲኑን ለካሁ፤ 7.9 ግራም በዴሲሊትር። ልኩ ከ6 እስከ 8 ነውና «ፕሮቲን ኖርማል» ብዬ ፈርሜ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ሲመረመር አልቡሚኑ 2 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ3.5 በላይ መሆን ነበረበት። የቀረው 5.9 ሁሉ ግሎቡሊን ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ወጥቶ ድምሩ ልክ መስሎ ቁጭ ብሏል። ሕመሙ ካላዛር ነበር። ወጣቱ ተርፏል፤ የባከኑበት ሦስት ሳምንታት ግን እኔ በጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በካላዛር አካሉ ፀረ እንግዳ አካል ያለልክ ያመርታል፤ ግሎቡሊኑ የሚያሻቅበው ለዚህ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያለ ማሽን ያዩት ነበር። አንድ ሚሊ ሊትር ሴረም ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ፎርማሊን ይጨምራሉ። ግሎቡሊኑ የበዛበት ሴረም በ20 ደቂቃ ውስጥ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጥቶ ይረጋል፤ ቱቦውን ብትገለብጪው አይፈስም። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሆኖም የሚያሳይሽ የካላዛሩን ተውሳክ ሳይሆን ግሎቡሊኑን ነው፤ ሌላ የቆየ በሽታም ሊያረጋው ይችላል፣ ካላዛሩ ገና አዲስ ከሆነ ደግሞ ላይረጋ ይችላል። ስለዚህ ነው ዛሬ በፈጣን መመርመሪያ የተተካው።

ካላዛር የቆላ ሠራተኛ በሽታ ብቻ ነው ብለሽም አትዘናጊ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ከጣና ምሥራቅ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ሲነሣ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው ሞቷል። በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከሚያ ከፍቶ ሕዝቡን አከመ። ከዚያ አካባቢ የመጣ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሰው ሴረም እጅሽ ሲገባ አልቡሚኑን ለብቻ ለኪ። ከጠቅላላው ቀንሺና ግሎቡሊኑንም ጻፊው፤ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም።

4. ለታማሚ «ፕሮቲን አንሶሃል» አትበይ። ቃሉ ከላቦራቶሪ ሲወጣ ትርጉሙ ይለወጣል። እኛ የደሙን ስንናገር ሰው የሚሰማው የገበታውን ነው፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት። አንዲት የዘጌ እናት ትዝ ይሉኛል። ፊታቸውና እግራቸው አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ይቀር ነበር። አንዱ ባልደረባችን በችኮላ «እማማ፣ ፕሮቲን አንሶዎታል» አላቸው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና የንስሐ አባታቸውን አስፈቅደው፣ እያለቀሱ ጾሙን ፈቱ። ለእንቁላል ብለው ዶሮ ገዙ። ከወር በኋላ በጀልባ ተመልሰው ሲመጡ እብጠቱ ብሶ ነበር። ሽንታቸው አረፋ ይደፍቃል፤ አልቡሚናቸውን ኩላሊታቸው እያፈሰሰው ኖሯል። እኚያን እናት ጾም ያስፈታቸው ምግብ ማጣት ሳይሆን የእኛ አነጋገር ነው።

አልቡሚን የሚወርድበት መንገድ ብዙ ነው። ጉበት መሥራት ሲያቅተው፣ ኩላሊት ሲያፈስ፣ አንጀት ሳይመጥ ሲቀር፣ ብርቱ ኢንፌክሽን ሲኖር ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ላይም ደሟ ስለሚቀጥን ዝቅ ይላል። ረሃብም አለበት፤ አልካድኩም፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ በዪ፦ «ውሃ በደም ሥር ውስጥ የሚይዘው አልቡሚን የሚባለው ነገር ወርዷል፤ ለምን እንደወረደ ሐኪሙ ይፈልጋል።» ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም ሰውየው ገበያ ሳይሆን ሐኪም ጋ ይሄዳል። «ይህ ከደም ማነስ ይለያል» ብለሽም ጨምሪበት፤ ብዙዎች ያምታቱታል። ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ቢሆን ቤቱ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

«ሽንትህ ውስጥ ፕሮቲን አለ» ማለትም እንዲሁ ነው። ሰውየው ተርፎኛል ብሎ ሽሮውን ሊተው ይችላል። የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ በዋናነት የሚያየው አልቡሚን ነውና፣ የሚፈስበት መሆኑን ንገሪው።

5. የሐይቁን ዳር ልጆች አትርሺ። ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ የሚያድጉ ናቸው፤ የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ውሃው ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። የትሉ እንቁላሎች ጉበት ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። አልቡሚን ግን ለረጅም ጊዜ ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የጉበቱ ሕዋሳት ሥራቸውን ቶሎ አያቆሙምና። ስለዚህ «አልቡሚኑ ደህና ነው» ብለሽ ልጁን አትሸኚው። ሰገራውን እዪ። የት የት እንደሚዋኝም ጠይቂው፤ እሱ ሳይደብቅ ይነግርሻል።